ሁለት ጊኒ፣ ሰባት ቀንና አንድ ፊርማ፦ ከጦርነቱ በኋላ የእንግሊዝ ድርሰት በማን ፈቃድ ወጣ?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለተለወጠችው እንግሊዝ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሡት ቢትልስና ሚኒ ስከርት ናቸው። ወጣቱ ተነሣ፣ አሮጌው ወግ ፈረሰ ይባልና ወሬው እዚያው ያበቃል። የዘመኑን ድርሰቶች ለሚያነብ ሰው ግን ከዚህ የሚሻሉ ጥያቄዎች አሉ። ይህ ጽሑፍ ሕዝብ ፊት እንዲቀርብ የማን ፊርማ ያስፈልግ ነበር? ፊርማውን ለማግኘት ስንት ይከፈላል? እምቢ ከተባለስ በየት በኩል ይዞራል? ደራሲዎቹ ለምን በዚያ መልክ እንደጻፉ የሚገባን ይህን ስናውቅ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ በ1960ዎቹ የፍቺ፣ የውርጃና የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ሕጎች የተለወጡበት መንገድ መጀመሪያ የተሞከረው በመጽሐፍና በተውኔት ሳንሱር ላይ ነው። ስልቱም ሰዎቹም እነዚያው ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ ልዩነት እንያዝ። እንግሊዝ ውስጥ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት የሚያነብ የመንግሥት ሳንሱር አልነበረም፤ ያሳተመ ሰው አሳትሞ ነው የሚከሰሰው። ተውኔት ግን መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። ቴሌቪዥንና ሬዲዮ በሌላ አስተዳደር፣ ፊልም ደግሞ በሌላ ቦርድ ሥር ነበሩ። ስለዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር በመጽሐፍ ታትሞ በየሱቁ እየተሸጠ፣ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ተዋናይ መድረክ ላይ ቢናገረው ቴአትር ቤቱ ፍርድ ቤት ሊቆም ይችል ነበር።

የመድረኩ ፈቃድ ሰጪ ሎርድ ቻምበርሌይን ነበር፤ በእኛ አባባል የቤተ መንግሥቱ እልፍኝ አስከልካይ። ዋና ሥራው የቤተ መንግሥት ሥነ ሥርዓት፣ ሠርግና ግብዣ ነው። ተውኔት ማንበብ የተጨመረለት በ1737 ነው፤ የዚያ ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ዋልፖል በየመድረኩ መቀለጃ መሆን ሲመረው ባስወጣው ሕግ። ሕጉ በ1843 ታደሰ፤ የታደሰውም እስከ 1968 ሠራ። ባለሥልጣኑን ሕዝብ አልመረጠውም፤ ውሳኔው ይግባኝ የለውም፤ ምክንያቱን የመግለጽ ግዴታም የለበትም። ከ1963 ጀምሮ በቦታው የተቀመጡት ሎርድ ኮቦልድ ከዚያ በፊት የእንግሊዝ ባንክ ገዥ ነበሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጽሑፉን የሚያስገባው ደራሲው ሳይሆን የቴአትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ነው። ትዕይንቱ ከመከፈቱ ቢያንስ ሰባት ቀን ቀደም ብሎ ሙሉው ጽሑፍ ለንደን፣ ሴንት ጄምስ ቤተ መንግሥት ወዳለው ቢሮ ይላካል። ክፍያው ለባለ አንድ ገቢር ተውኔት አንድ ጊኒ፣ ለረጅሙ ሁለት ጊኒ ነው፤ አንድ ጊኒ 21 ሽሊንግ ነው፤ ከአንድ ፓውንድ በአንድ ሽሊንግ ይበልጣል። የቢሮው አንባቢ ታሪኩን ባጭሩ ያስቀምጣል፣ የሚያሰጉትን ቃላት ከነገጻቸው ይነቅሳል፣ አስተያየቱን ጽፎ ለበላይ ያስተላልፋል። የበላዮቹ ብዙዎቹ የጦር መኮንን የነበሩ ናቸው። ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ይመጣል፦ በዚህ ገጽ ይህ ቃል ይውጣ፤ በዚያኛው ገጽ ይህ እንቅስቃሴ ይቅር። ሥራ አስኪያጁ ምትክ ቃል ያቀርባል፣ ቢሮው ይቀበላል ወይም ይመልሳል። ነገሩ የመርካቶ ዋጋ ክርክር ነው፤ ልምድ ያለው አዘጋጅ ሦስት ስድብ ለቆ አንዷን ያተርፋል። ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ግን አንዲት ቃል መጨመር ራሱ ጥፋት ነው።

ምን ይከለከላል? በ1909 አንድ የፓርላማ ኮሚቴ መመዘኛዎች አውጥቶ ነበር፦ ጸያፍነት፣ በሕይወት ያለን ወይም በቅርቡ የሞተን ሰው ማዋረድ፣ ሃይማኖታዊ ስሜትን መንካት፣ ወንጀልንና ብልግናን ማበረታታት፣ ከውጭ መንግሥት ጋር ያለን ወዳጅነት ማሻከር፣ ሁከት መቀስቀስ። ኮሚቴው ያቀረበው የሕግ ማሻሻያ ተቀባይነት አላገኘም፤ ቢሮው ግን ዝርዝሩን መመሪያው አድርጎ ተጠቀመበት። በዝርዝሩ ውስጥ በስም ያልተጠቀሰ ግን ለአሥርት ዓመታት ፈጽሞ የማይፈቀድ ነገር ደግሞ ነበር፤ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት።

ይህ ማሽን እንዴት እንደሚያስብ ከሳሙኤል ቤኬት «ኤንድጌም» የበለጠ የሚያሳይ የለም። ተውኔቱ በኤፕሪል 1957 ለንደን ሮያል ኮርት ቴአትር ላይ በፈረንሳይኛ ታየ፤ ፈቃዱም ያለ ችግር ተሰጥቶ ነበር። ገጸ ባሕርያቱ ለመጸለይ ይሞክራሉ፤ ከሰማይ መልስ ሲጠፋ አንደኛው «የለም» ይልና እግዚአብሔርን ዲቃላ ብሎ ይሳደባል። በሚቀጥለው ዓመት ይኸው ተውኔት በእንግሊዝኛ ሲቀርብ ቢሮው መስመሩን አልቀበልም አለ። ወራት የፈጀ የደብዳቤ ምልልስ ተደረገ። በመጨረሻ «ዲቃላ» ወጥቶ «አሳማ» ገባና ተውኔቱ በኦክቶበር 1958 ታየ። ስድቡ ያው ስድብ፣ ክህደቱም ያው ክህደት ነው። ልዩነቱ አድማጩ ነው፤ ያኔ ለንደን ውስጥ ቤኬትን በፈረንሳይኛ የሚከታተል ሰው የተማረና ገንዘብ ያለው ነው፤ እሱ አይበላሽም ተብሎ ይታመናል። ሳንሱሩ ቃልን የሚመዝን ይመስላል እንጂ የሚመዝነው ማን እንደሚሰማው ነው። ይህን ነጥብ ይዘን እንሂድ፤ በኋላ በምናየው የዲ. ኤች. ሎውረንስ መጽሐፍ ክስ ላይም የምናገኘው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከምሥራቅ ለንደን ከላብ አደሮች ሰፈር ይመጣል። ጆአን ሊትልዉድ በስትራትፎርድ ኢስት ሮያል ቴአትር የምትመራው ቡድን በልምምድ እየፈጠረ፣ በየምሽቱ እየቀያየረ የሚጫወት ነበር። በ1957 ስለ ግንባታ ሠራተኞች ባሳዩት ተውኔት ተዋንያኑ መድረክ ላይ በእውነት ጡብ ይደረድራሉ፤ የሚያወሩት ደግሞ ሰሞኑን የሰሙትን ነው። አንዱ በቸርችል ድምፅ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ይመርቃል። የሎርድ ቻምበርሌይን ሰዎች ገብተው አዩ፤ የተፈቀደውን ጽሑፍ ከሰሙት ጋር አስተያዩት፤ አልገጠመም። በ1958 ዌስት ሃም ፍርድ ቤት ቀረቡ። ቅጣቱ ጥቂት ፓውንድ ነበር፤ በነጻ ከቆሙላቸው ጠበቆች አንዱ ጄራልድ ጋርዲነር ይባላል፤ ስሙን ያዙልኝ። በሕጉ ቃል ከሄድን ዐቃቤ ሕጉ ትክክል ነበር። ችግሩ ሕጉ ተውኔት የሚባለውን ነገር የሚያውቀው ወረቀት ላይ ብቻ መሆኑ ነው፤ ተዋናይ በራሱ አፍ ሊናገር ይችላል የሚል ሐሳብ በ1843 ላሉት ሰዎች አልመጣላቸውም።

በዚያው ቴአትር ቤት በሜይ 1958 «የማር ጣዕም» ተከፈተ። ደራሲዋ ሺላ ዴላኒ የሳልፎርድ ልጅ ናት፤ 19 ዓመቷ ነበር። ታሪኩ፦ አንዲት የድሃ ልጅ ከጥቁር መርከበኛ ታረግዛለች፤ እናቷ ጥላት ትሄዳለች፤ የሚያስታምማት አንድ ለወንዶች የሚያደላ ወጣት ነው። ተውኔቱ ፈቃድ አገኘ። የወጣቱ ነገር በአሽሙርና በተዘዋዋሪ ነው የሚነገረው፤ አንባቢ ዛሬ ሲያየው የጥበብ ቁጥብነት ሊመስለው ይችላል፤ የጊዜውን የፈቃድ ሁኔታ ያወቀ ግን ምክንያቱ ጥበብ ብቻ እንዳልነበረ ይረዳል። በኖቬምበር 1958 የጊዜው ሎርድ ቻምበርሌይን ሎርድ ስካርብራ የተመሳሳይ ጾታ ጉዳይ ላይ የነበረውን ፍጹም ክልከላ አነሡ፤ ጉዳዩን በቁም ነገር የሚያነሡ ተውኔቶች ከዚያ ወዲያ ይታያሉ አሉ። ይህ የሆነው መንግሥት ያቋቋመው የዎልፌንደን ኮሚቴ በ1957 አዋቂ ወንዶች በፈቃዳቸው በግል የሚያደርጉት ግንኙነት ወንጀል እንዳይሆን ሐሳብ ካቀረበ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ሕጉ ራሱ ከመለወጡ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው።

ስካርብራን የገፋፋቸው በጎነት ብቻ አልነበረም። ክለብ የሚባል ሽሽት ነበር። ቴአትር ቤት ራሱን የአባላት ክለብ ካደረገ ትዕይንቱ «የግል» ነው፤ በልማድ ፈቃድ አይጠየቅም። በ1956 በለንደን መሐል ከተማ ያለው ኮሜዲ ቴአትር በዚህ መንገድ ክለብ ሆኖ ፈቃድ የተነፈጉ ሦስት የአሜሪካ ተውኔቶችን ተራ በተራ አሳየ። አባልነቱ በጥቂት ሽሊንግ የሚገዛ ወረቀት ነው። የከለከሉት ነገር በትልቁ አዳራሽ ማታ ማታ ሲታይ ሳንሱሩ መሳቂያ ሆነ።

ክለብ ግን ለቴአትር ቤቱ ውድ ነው። በ1965 የጆን ኦዝቦርን «ለእኔ የሚሆን አርበኛ» ለቢሮው ቀረበ። ታሪኩ የኦስትሮ ሃንጋሪ የስለላ መኮንን የነበረው የአልፍሬድ ሬድል ነው፤ ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው የሚጨፍሩበት ትልቅ ትዕይንት አለው። ቢሮው ትዕይንቶቹ ከነጭራሹ ይውጡ አለ፤ ሮያል ኮርት እምቢ ብሎ ክለብ ሆነ። አዳራሹ ሞላ፣ ተውኔቱ ተሸለመ፤ ቴአትር ቤቱ ግን ከሰረ። የተዋናዩ ቁጥር ብዙ ነው፣ ወጪው ከባድ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ወጪውን የሚመልሰው ወደ ትላልቆቹ የንግድ ቴአትር ቤቶች ሲዛወር ነው። ፈቃድ የሌለው ተውኔት ደግሞ መዛወር አይችልም። እገዳው በደራሲው አፍ ላይ ሳይሆን በሒሳብ መዝገቡ ላይ ነው የሠራው።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር የኤድዋርድ ቦንድ «ሴቭድ» መጣ። በደቡብ ለንደን መናፈሻ ውስጥ ወጣቶች ጋሪ ላይ የተኛ ሕፃን በድንጋይ ወግረው ይገድላሉ። ሮያል ኮርት አሁንም በክለብ አሳየው። ፖሊስ ግን የአባልነት ወረቀት ሳይጠየቅ ገባ፤ ክስ ተመሠረተ። በ1966 የማርልቦሮ ስትሪት ፍርድ ቤት ክለብም ቢሆን ፈቃድ ያስፈልገዋል ብሎ ወሰነ። ቅጣቱ ቀላል ነበር፤ 50 ጊኒ ወጪ ከፍለው ተሰናበቱ። የውሳኔው ውጤት ግን ትልቅ ነው። መሸሺያው እስካለ ድረስ ሁሉም በየፊናው እየዞረ ይኖር ነበር፤ ፓርላማ የሚቸኩልበት ምክንያት አልነበረውም። ፍርድ ቤቱ በሩን ሲዘጋው ግን ወይ ሙሉውን ሳንሱር መሸከም፣ ወይ መሻር ግድ ሆነ። ቴአትሩን ነጻ ያወጣው ደግ ዳኛ ሳይሆን ሕጉን በቃሉ የተረጎመ ዳኛ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ይፈጥናል። የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ኮሚቴ ተቀመጠ፤ ጆርጅ ስትራውስ የተባሉ የፓርላማ አባል ረቂቅ አቀረቡ፤ በጁላይ 26፣ 1968 ሕግ ሆነ፤ በሴፕቴምበር 26 ሥራ ላይ ዋለ። «ሄር» የተባለው የሙዚቃ ቴአትር ከነእርቃን ትዕይንቱ ለንደን የተከፈተው በማግስቱ፣ ሴፕቴምበር 27 ነው። አዘጋጆቹ ቀኑን እየጠበቁ ነበር።

(ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1960 አካባቢ የቴአትር ጥበብን ከተማረባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ሮያል ኮርት ነው። ያኔ ለንደንም የራሷ ሳንሱር ነበራት፤ የእሱ ተውኔቶች በአዲስ አበባ በተለያዩ መንግሥታት መታገዳቸውን ለሚያውቅ ሰው ይህ አንድ ነገር ይለዋል።)

ወደ መጽሐፉ እንመለስ። እዚህ ፈቃድ ሰጪ የለም፤ ያለው ፍርሃት ነው። በ1857 በወጣው የጸያፍ ጽሑፍ ሕግ ላይ በ1868 አንድ ዳኛ የሰጡት ትርጉም ለ90 ዓመት ገዛ፦ ጽሑፉ «ልባቸው ለእንዲህ ያለ ነገር ክፍት የሆነ» ሰዎችን የማርከስና የማበላሸት ዝንባሌ ካለው ጸያፍ ነው። የተነቀሰ አንድ አንቀጽ ይበቃል፤ የመጽሐፉ ጠቅላላ ዓላማ አይጠየቅም፤ የሥነ ጽሑፍ ምሁር ለምስክርነት አይሰማም። ተጠያቂው ደግሞ ደራሲው ብቻ አይደለም፤ አሳታሚው፣ መጽሐፍ ሻጩ፣ ማተሚያ ቤቱም ጭምር ነው። የማተሚያ ቤቱን ነገር ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ፊደል የሚለቅመው ሠራተኛ አንድ ገጽ አንብቦ ለአለቃው ቢያሳይና አለቃው ጠበቃ ቢያማክር ሥራው ይቆማል። የትኛውም ፍርድ ቤት ሳያግደው መጽሐፍ ይታገዳል።

በ1954 አምስት አሳታሚዎች ተከሰሱ። ሕጉ አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ ውጤቱ ግን የተለያየ ነበር፤ አንዱ ተፈረደበት፣ ሌላው ነጻ ወጣ። ነጻ በወጣው ክስ ዳኛ ስቴብል ለጁሪው (ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው ለሚወስኑት 12 ተራ ዜጎች) ሥነ ጽሑፍ ሁሉ ለ14 ዓመት ልጃገረድ በሚስማማው ልክ ይመዘን ወይ ብለው ጠየቁ። በሌላ ችሎት ሌላ ዳኛ እንዲህ አላሉም። አሳታሚ ሰው ከክልከላም በላይ የሚጠላው ይህን ነው፤ የሚከለከለውን አስቀድሞ ማወቅ አለመቻልን። ደራሲዎች ተሰብስበው ረቂቅ አዘጋጁ፤ ሮይ ጄንኪንስ የተባለ ወጣት የፓርላማ አባል በ1955 አቀረበው፤ ከአራት ዓመት ክርክር በኋላ በ1959 ጸደቀ።

አዲሱ ሕግ መፈተኛውን «ማርከስና ማበላሸት» አልተወውም። የጨመረው ይህ ነው፦ መጽሐፉ በጠቅላላው ይመዘናል፤ የሚታየው ሊያነቡት የሚችሉት ሰዎች ላይ የሚያመጣው ውጤት ነው፤ ጸያፍ ቢሆን እንኳ ለሥነ ጽሑፍ፣ ለኪነ ጥበብ፣ ለሳይንስ ወይም ለዕውቀት ጥቅም ሲባል ሊፈቀድ ይችላል፤ ለዚህም ባለሙያ ምስክር ይጠራል። ግን አንድ ወጥመድ ቀረ። ሁለት በሮች አሉት፦ በአንደኛው አሳታሚው ይከሰሳል፣ ጁሪ ይፈርዳል፣ እስከ ሦስት ዓመት እስራት አለው። በሌላው መጽሐፉ ከሱቅ ይወረስና አንድ ማጅስትሬት (የበታች ፍርድ ቤት ዳኛ) ብቻውን «ይጥፋ» ይላል። የትኛው በር እንደሚከፈት የሚመርጠው ከሳሹ ነው።

ፔንግዊን የተባለው የርካሽ መጻሕፍት አሳታሚ ሕጉን ለመፈተን የመረጠው የዲ. ኤች. ሎውረንስን «የሌዲ ቻተርሊ ወዳጅ» ነው። መጽሐፉ በ1928 ፍሎረንስ ውስጥ በግል ታትሞ ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ ከ1932 ጀምሮ የሚሸጠው የተቆራረጠው ነው። በ1960 ደራሲው ከሞተ 30 ዓመት ሲሞላ ፔንግዊን ሙሉውን በ200,000 ቅጂ፣ በ3 ሽሊንግ ከ6 ፔንስ ዋጋ አዘጋጀ። የዘወትር ማተሚያ ቤቱ አላትምም አለ፤ ብሪስቶል ያለ ሌላ ማተሚያ ቤት ወሰደው። ከዚያ የፔንግዊን መሥራች አለን ሌንና ጠበቆቹ ብልሃት ሠሩ፤ መጽሐፉን ለሱቆች ከማከፋፈል ይልቅ 12 ቅጂ ለፖሊስ ሰጡ። በሕጉ ይህ ማሠራጨት ነው፤ ለክስ ይበቃል። በዚህም መጽሐፍ ሻጮቹ ከአደጋው ወጡ፣ ጉዳዩም ከማጅስትሬቱ በር ይልቅ ወደ ጁሪው በር ሄደ። ከችሎቱ ንግግሮች ሁሉ በላይ ክሱን ያሸነፈው ይህ እርምጃ ይመስለኛል።

ችሎቱ በኦክቶበር 20 የለንደን ዋናው የወንጀል ፍርድ ቤት በሆነው ኦልድ ቤይሊ ተከፈተ። ጁሪው ዘጠኝ ወንድና ሦስት ሴት ነው። መጽሐፉን ወደ ቤታቸው እንዳይወስዱ ተከለከሉ፤ በፍርድ ቤቱ ክፍል ተቀምጠው አነበቡት፤ ክርክሩ የቀጠለው በ27 ነው። ዐቃቤ ሕጉ መርቪን ግሪፊዝ ጆንስ ጸያፍ ቃላቱን አንድ በአንድ ቆጥረው አመጡ። በመክፈቻቸው ጁሪውን ይህ መጽሐፍ ሚስታችሁ ወይም አገልጋዮቻችሁ እንዲያነቡት ትፈልጋላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። እስከ ዛሬ የሚሳቅበት ጥያቄ ነው፤ ግን ሞኝነት ብቻ አይደለም። ያኔ ጁሪ የሚሆነው የተወሰነ ግምት ያለው ቤት የያዘ ሰው ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ እንደ እኔ ያለ አባወራ ፊት ነው የቆምኩት ብለው ነበር ያሰቡት። የዋጋውም ነገር እዚህ ገባ። ውድ መጽሐፍ የጌቶች ነው፤ በ3 ሽሊንግ ከ6 ፔንስ የሚሸጥን ግን የፋብሪካ ሠራተኛዋም ትገዛዋለች። የቤኬት ፈረንሳይኛ እዚህ ላይ ዋጋ ሆኖ መጣ።

ተከላካዮቹ ጄራልድ ጋርዲነር (ያው የስትራትፎርዱ)፣ ጄረሚ ሃቺንሰንና ሪቻርድ ዱ ካን ነበሩ። 35 ምስክር አሰሙ፤ ደራሲዎቹ ኢ. ኤም. ፎርስተርና ሬቤካ ዌስት፣ የዉልዊች ጳጳስ ጆን ሮቢንሰን ይገኙበታል። የከሳሹ ወገን ግን አንድም የሥነ ጽሑፍ ምሁር አላቆመም። ከሁሉም የሠራው የሪቻርድ ሆጋርት ምስክርነት ነው። ከሊድስ የድሃ ሰፈር ወጥቶ የዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነ ሰው ነው፤ እነዚያን ቃላት በየሥራ ቦታው ሰው በየቀኑ እንደሚናገራቸው በእርጋታ አስረዳ፤ መጽሐፉንም ፒዩሪታን፣ ማለትም በሥነ ምግባሩ ጥብቅ፣ አለው። በኖቬምበር 2 ጁሪው ሦስት ሰዓት ያህል መክሮ ጥፋተኛ አይደለም አለ። መጽሐፉ በ10 ወጣ፤ 200,000ው በዚያው ቀን አለቀ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሽያጩ ከሁለት ሚሊዮን አለፈ። ፔንግዊን ቀጣዩን እትም መታሰቢያነቱን ለ12ቱ የጁሪ አባላት ሰጠ።

በነገራችን ላይ፣ ምስክሮቹ መጽሐፉን ከሚገባው በላይ አወድሰውታል። ሎውረንስ ከዚህ በጣም የተሻሉ ልቦለዶች አሉት። ሕጉ ግን ነጻነትን በሥነ ጽሑፋዊ ዋጋ ስለለወጠው፣ መካከለኛ መጽሐፍ ለመዳን ታላቅ መሆን ነበረበት።

ብዙ ጽሑፍ እዚህ ላይ «የመጽሐፍ ሳንሱር አበቃ» ይላል። አላበቃም። «ፋኒ ሂል» የተባለው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ልቦለድ በርካሽ እትም ሲወጣ ከሳሹ ሁለተኛውን በር መረጠ፤ በ1964 የቦው ስትሪት ፍርድ ቤት ማጅስትሬት ያለ ጁሪ መጽሐፉ ይጥፋ አለ። በ1967 ኦልድ ቤይሊ «ላስት ኤግዚት ቱ ብሩክሊን» የተባለውን የአሜሪካ መጽሐፍ ያወጣውን አሳታሚ ጥፋተኛ አለው፤ ጁሪው ሆን ተብሎ ወንዶች ብቻ ነበሩበት። በ1968 ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሻረው፤ ዳኛው ለጁሪው መፈተኛዎቹን በቅጡ አላስረዱም በሚል።

የፊልሙን ነገር በአንድ ምሳሌ ልለፈው፤ ለአንባቢ ጠቃሚ ስለሆነ ነው። የአለን ሲሊቶ «ቅዳሜ ማታና እሑድ ጠዋት» በ1958 በመጽሐፍ፣ በ1960 በፊልም ወጣ። በመጽሐፉ ውስጥ ያገባችው ብሬንዳ በፍል ውኃና በጂን የምታደርገው ውርጃ ይሳካል። በፊልሙ አይሳካም፤ የፊልም ቦርዱ የተሳካ ሕገ ወጥ ውርጃ እንዲታይ አልፈለገም። ሁለቱን አከታትሎ የሚያይ ሰው የደራሲው ሐሳብ ተለወጠ ብሎ እንዳይሳሳት፤ ሲሊቶ የፊልሙንም ጽሑፍ የጻፈው ራሱ ነው፤ የተለወጠው ፈቃድ ሰጪው ነው።

አሁን ስሞቹን እንሰብስብ። ጄራልድ ጋርዲነር በ1964 የጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን መንግሥት ሎርድ ቻንስለር፣ የፍትሕ ሥርዓቱ የበላይ ሆነ። ሮይ ጄንኪንስ በዲሴምበር 1965 የአገር ውስጥ ሚኒስትር ሆነ። በእነሱ ዘመን የሞት ቅጣት በ1965 ለነፍስ ግድያ ታገደ፣ በ1969 በቋሚነት ቀረ። ውርጃ በሁለት ሐኪሞች ፈቃድ፣ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ዕድሜያቸው 21 ለሞላ ወንዶች በግል፣ ሁለቱም በ1967 ከወንጀልነት ወጡ (በእንግሊዝና በዌልስ)፤ የፍቺ ሕግ በ1969 ተሻሻለ። ስልቱን እዩት፤ ረቂቆቹን ያቀረቡት እንደ 1959ኙ ተራ የፓርላማ አባላት ናቸው፦ ሲድኒ ሲልቨርማን፣ ዴቪድ ስቲል፣ ሊዮ አብሲ። መንግሥት የራሴ ናቸው አይልም፤ የክርክር ጊዜ ይሰጣል፤ አባላት እንደ ሕሊናቸው ድምፅ ይሰጣሉ። ጄንኪንስ ይህን መንገድ የተማረው በመጽሐፉ ሕግ ላይ ነው። ለዚህ ነው የ1960ዎቹ የሥነ ምግባር ለውጥ በዘፈን ብቻ የመጣ አይመስለኝም የምለው።

የዘመኑን ሥራዎች ማንበብ ለሚፈልግ ጥቂት ምክር። የ«የሌዲ ቻተርሊ»ን አሮጌ የእንግሊዝ እትም ስትገዙ ዓመቱን እዩ፤ ከ1960 በፊት በሕጋዊ መንገድ የወጣ ከሆነ የተቆረጠው ነው። ተውኔት ስታነቡ የታተመው ጽሑፍና በመጀመሪያው ምሽት የተነገረው አንድ ናቸው አትበሉ፤ መጽሐፉ በሎርድ ቻምበርሌይን እጅ አላለፈምና። መድረክ ላይ የተነገረውን የምትፈልጉ ከሆነ ከ1824 እስከ 1968 የቀረቡት ጽሑፎች ብሪቲሽ ላይብረሪ ተቀምጠዋል፤ ለ20ኛው ክፍለ ዘመኖቹ የአንባቢዎቹ ዘገባና የደብዳቤ ምልልሱም አለ። ከተውኔቱ በፊት ዘገባውን ማንበብ አይመከርም፤ አንዳንዶቹ አንባቢዎች ከተውኔቱ የበለጠ ያስቃሉና ፍርዳችሁን ያዛቡባችኋል።

የ1968ቱ ሕግም የራሱን ቀዳዳ ትቷል። ተውኔትን በጸያፍነት ለመክሰስ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ፈቃድ ያስፈልጋል። በ1980 ናሽናል ቴአትር የሃዋርድ ብሬንተንን «ሮማውያን በብሪታንያ» ሲያሳይ፣ የሮማ ወታደር አንድ ወጣት ድሩይድ (የጥንት ኬልቶች ካህን) ሊደፍር የሚሞክርበት ትዕይንት ነበረው፤ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ አልከስም አለ። የሥነ ምግባር ዘመቻ የምትመራው ሜሪ ዋይትሃውስ ግን ፈቃድ የማይጠይቅ ሌላ ሕግ አገኘች፤ ወንዶች በአደባባይ ለሚፈጽሙት ነውር ተባባሪ መሆንን የሚከለክለውን የ1956 የወሲብ ወንጀሎች ሕግ። በእሱ አዘጋጁን ማይክል ቦግዳኖቭን ከሰሰችው፤ ዳኛውም ሕጉ ለመድረክ ሊሠራ ይችላል አሉ። እሷ ተውኔቱን አላየችውም፤ ምስክሯ ጠበቃዋ ነበር፤ የተቀመጠው ደግሞ በስተኋላ ነው። ለተከሳሹ የቆመው የ1960ው ጄረሚ ሃቺንሰን ነው። ምስክሩ አየሁ ያለው የተዋናዩ ብልት ይሁን አውራ ጣቱ ከዚያ ርቀት መለየት ይችል እንደሆነ፣ የራሱን አውራ ጣት በችሎቱ ፊት እያሳየ ጠየቀው። ምስክሩ እርግጠኛ መሆን አልቻለም፤ ከሳሾቹ ክሱን ተዉት።